አፈ ማኅበር ስባል የኖርኩባቸው ዓመታት

የክሊኒኩን የካርድ ክፍል ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት የሚሲዮኑ ጸሐፊ ቅጽ አውጥቶ የሥራዬን ዓይነት ጠየቀኝ። ቅጹ ላይ ጸሐፊ፣ ወጥ ቤት፣ ጥበቃ፣ ልብስ አጣቢ፣ ልዩ ልዩ የሚል ተጽፏል። ከነዚህ ሁለቱን ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። «አስተርጓሚ ነበርኩ» አልኩት። ጸሐፊው ገና አዲስ ነው፤ እኔን የሚያውቀኝ ካርድ ሳወጣና ስመልስ ብቻ ነው። ጥቂት አሰበና «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አልተቀየምኩም። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ለራሴ ልነግረው ፈለግሁ።

የተወለድኩት ጎንደር ነው። አባቴ የከተማው ሰው፣ እናቴ የጭልጋ ቅማንት ነበሩ። ከእናቴ ጋር ቤት ውስጥ የምናወራው በቅማንትኛ ነው፤ ከደጅ የሰው ኮቴ ሲሰማ ወደ አማርኛ እንመለሳለን። እንዲህ አድርጊ ብላ ያዘዘችኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እንዲሁ ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ገበያ መሀል በዚያ ቋንቋ የተናገረ ሰው ዞር ተብሎ ይታያል፣ ዋጋም ይጨመርበታል። ጣልያን ሲገባ በሆስፒታላቸው ልብስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩና ከመነኮሳቱ ጋር አንሶላ ስንጨምቅ ጣልያንኛ ለመድኩ። ባለቤቴ ከሐማሴን የመጣ ካቶሊክ ግንበኛ ነበር። ወደ ሃይማኖቱ የገባሁትም፣ ትግርኛ መስማት የጀመርኩትም በእሱ ነው፤ መናገሩ ግን አይሆንልኝም። አውቶ ፓርኮ ሰፈር አጠገብ ቤት ሲሠራ ከግንብ ወድቆ ሞተ። ልጅ አልነበረንም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ጣልያንኛ ማወቅ ምስጋና የሚያስገኝ ነገር አልነበረም። ካቶሊክ መሆንም እንደዚያው፤ ጎረቤት ሰላምታ አይነፍግም፣ ግን «የነሱ ሃይማኖት» ይላል። በከተማው የቀረነው ካቶሊኮች ጥቂት ነበርን። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ሳንነጋገር ወደየቤታችን የምንበተን ሰዎች ነበርን።

አባ ዮናስ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከአስመራ በኩል የተላኩ ትግርኛ ተናጋሪ ካህን ናቸው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው የሚሄዱ። በቦርሳቸው አንዲት ቀጭን የጣልያንኛ መጽሐፍ ይዘው ነበር። የእርሾ ማኅበር የሚባለው የምእመናን ስብስብ ሥርዓቱ እዚያ ውስጥ ነው። ሰባት ስምንት ሰው ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ትሰበሰባላችሁ። ወንጌል ይነበባል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የታመመ፣ የታሰረ፣ የተጣላ ሰው ትጠይቃላችሁ፤ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ያደረጋችሁትን ትናገራላችሁ። ስብሰባውን የሚመራው ካህን ሳይሆን ከምእመናኑ አንዱ ነው። ጎንደር ላይ እንግዳ የሆነው ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ሽማግሌ ካህን ሳይኖር ጸሎቱን ማን ያሳርገዋል ብለው ጠየቁ። አባ ዮናስ «እርስዎ» አሏቸው። ሽማግሌው እስከ ስብሰባው መጨረሻ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከሁሉም ቀድመው መጡ።

የአባ ዮናስ አማርኛ ገና ስለነበረ አስተርጓሚ አስፈለጋቸው። ለአስተርጓሚ የተያዘ ደመወዝ አልነበረም፤ መዝገብ ላይ ልብስ አጣቢ ተብዬ ተቀጠርኩ። ከጣልያንኛው ወደ አማርኛ የማስተረጉመው እኔ ስሆን፣ የትግርኛው አያ ተገኘ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አያ ተገኘ ሽሬ ያደጉ የጎንደር ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት በፍርድ ቤት ነገረ ፈጅ ሆነው ስለ ሌላ ሰው ሲከራከሩ ኖረዋል። ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ከእኛ ጋር በሠሩበት ዘመን ሁሉ ጾማቸውን ሳያጎድሉ፣ ቅዳሴ በተጀመረ ቁጥር ከደጅ ቆመው እየጠበቁ ኖሩ። ንስሐ አባታቸውም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ሰው ስለዚህ ሲጠይቃቸው ቃላቸውን እንደሚያደርሱ፣ ሃይማኖታቸው ግን የራሳቸው እንደሆነ መለሱ።

አመላቸውን ልናገር። ከመናገራቸው በፊት አፋቸውን በውኃ ይጉመጠመጣሉ። ከተናጋሪው በስተግራ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይቆማሉ። ሲያስተረጉሙ መሬት መሬት እንጂ የሰው ፊት አያዩም፤ ፊት ያየ አስተርጓሚ ሰዎቹን ደስ የሚላቸውን መናገር ይጀምራል ይላሉ። «እንዲህ አሉ» ብለው አያውቁም፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሳቸውም «እኔ» ይላሉ። ንግግሩ ሸጋ ካልሆነ አያሳምሩትም፤ ሰውየው ከተንተባተበ እሳቸውም ይንተባተባሉ። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ተናጋሪውን ጥግ ይዘው ዛሬ የሚያስቸግሩኝ ሦስት ቃላት የትኞቹ ናቸው ብለው ይጠይቃሉ። በአብዛኛው ሦስቱም በንግግሩ ውስጥ ይመጣሉ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቃል ሲጠፋቸው አያድበሰብሱም። በሰው ሁሉ ፊት «ይህን ቃል አላገኘሁትም» ይላሉ። እኔ ያኔ ይህን እንደ ውርደት ነበር የማየው።

አንድ ጊዜ በደባርቅ መንገድ ወደ ድብ ባሕር ወጣን። ማኅበሩን እንዲያዩ ከአስመራ የተላኩ አንድ መምህር አብረውን ነበሩ። ገበሬዎቹ ከአውድማ መጥተው በድንጋይ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ከመሀላቸው የእኛ ሃይማኖት የሆነ ሦስት ቤት ብቻ ነው፤ የቀሩት ሊሰሙ የመጡ ናቸው። መምህሩ የሰው ማነስ አናድዷቸው ነበርና በትግርኛ ልባችሁ እንደ መሬታችሁ ድንጋይ ነው አሉ። እኔ ሰማሁት። አያ ተገኘ በአማርኛ «መምህሩ የተናገሩት ቃል አለ፤ ይህን ቃል አላገኘሁትም» አሉና ወደ መምህሩ ዞረው እንዲደግሙላቸው በትግርኛ ለመኑ። መምህሩ ሊደግሙ አፋቸውን ከፈቱ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰውዬ እጁ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እሱን ትንሽ ጊዜ አዩት። ከዚያ ድንጋያማ መሬት አርሶ የሚበላ ሰው ለእግዚአብሔር ሥራም አይሰንፍም አሉ። አያ ተገኘ ይህኛውን ወዲያው አገኙት።

ስንመለስ እውነት ቃሉ ጠፍቶዎት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አልጠፋኝም» አሉ። «ሰው የተናገረውን ሁለተኛ ሲናገረው፣ ያን ጊዜ ለራሱም ይሰማዋል።»

ቃል መምረጥ ከምናገረው በላይ አድካሚ ነበር። የጣልያንኛው መጽሐፍ ማኅበሩ ምእመናኑን እንደሚያድስ ይናገራል። እኔ «መታደስ» ብዬ አስተረጎምኩት። አያ ተገኘ የሚታደስ ቤት ነው፣ ቤት ሲታደስም መጀመሪያ ያረጀው ይፈርሳል፣ ሰው የአባቱን ቤት ሊያፈርሱ መጡ ይላል አሉኝ። ብዙ ስንከራከር ቆይተን «መበርታት» በሚለው ተስማማን። «ማኅበር» የሚለው ቃልም ጣጣ ነበረው። ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ ላይ ማኅበር ልንጀምር ነው ብለን አስነግረን ስንደርስ፣ ሰዎቹ የጽዋ ማኅበር መስሏቸው ጠላ ጠምቀው፣ ድፎ ጋግረው፣ የየራሳቸውን ዋንጫ ይዘው ይጠብቁናል። አባ ዮናስ ደነገጡ። አያ ተገኘ መጀመሪያ እንብላ፣ ከዚያ እናስረዳለን አሉ። የትክል ድንጋይ ቡድን እንዲህ ተጀመረ፤ ከሁሉም ቡድኖች የጸናውም እሱ ነው።

በእናቴ አገር በጭልጋ ወዳለችው አይከል የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። የምንሄደው የከተማችን የአዲስ ዓለም ሰፈር እህል ነጋዴ ሐጂ ስዒድ ባዶ ማኪናቸውን ወደ ገበያው ሲልኩ ነበር። «አፈ ማኅበር» የሚለውን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ አፈ ንጉሥ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ስሙ ከማኪናው ወርዶ ከተማው ውስጥ ቀረ።

አይከል የተሰበሰቡት ሴቶች የበዙበት ወደ አሥራ አምስት ሰው ይሆናሉ። አባ ዮናስ በጣልያንኛ ይናገራሉ፣ እኔ በአማርኛ አስተረጉማለሁ፣ ሰዎቹ ግን ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ከኋላ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ በቅማንትኛ ይቺ ደግሞ አማርኛዋን ቅቤ የቀባችው የማን ልጅ ናት አለች። ሳላስበው በቅማንትኛ የእናቴን ስምና አገሯን ነገርኳት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በሰው ፊት፣ ድምፄን ሳልቀንስ በእናቴ ቋንቋ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አባ ዮናስ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ፤ እሱን አላስተረጎምኩላቸውም። ያቺ በርበሬ ነጋዴ እቴቴ ውባየሁ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ በገበያው የምትከበር ሴት ናት። የአይከልን ቡድን እሷ መራችው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡድኖቹ በዝተው በዓመት አንድ ጊዜ ጎንደር መሰብሰብ ጀመርን። አሁን የምናገረው ጉባኤ የተደረገው በኅዳር፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከትክል ድንጋይ፣ ከድብ ባሕር፣ ከአይከል የመጡ አሉ፤ ከአስመራና ከአዲስ አበባም እንግዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን በዓመቱ ያደረገውን በአማርኛ ይናገራል። አያ ተገኘ ለአስመራ እንግዶች ወደ ትግርኛ ይመልሳሉ። የእኔ ሥራ ከአይከል ሰዎች አጠገብ ቆሜ አማርኛው ሲያጥራቸው መርዳት ነበር። አባ ዮናስም አንድ ቃል እንዳይቀር ብለውኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከጣልያንኛ ሳስተረጉም ሁልጊዜ እጠነቀቃለሁ፤ አረፍተ ነገሩ ከእኛው ጋር አይሄድም፣ መጀመሪያ የመጣውን ይዤ መጨረሻውን መጠበቅ አለብኝ። በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው የማስበው። ቅማንትኛና አማርኛ ግን ሁለቱም ግሡን መጨረሻ ላይ ያመጣሉ። እግር ለእግር ይሄዳሉ። ሳልጠብቅ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ማስተርጎም እችላለሁ። በዚህም እኮራ ነበር። እንግዶቹ ሁለት ሰው የሚናገር አይመስልም ሲሉ ሰምቻለሁ።

እቴቴ ውባየሁ ተራዋ ደርሶ ቆመች። የታሰሩትን እንደጠየቁ፣ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን እንዳስታረቁ በአማርኛ ተናገረች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዓይኗን ጣል አድርጋ በቅማንትኛ ቀጠለች። አማርኛው ያጠራት መሰለኝና ተቀበልኳት። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ እከተላለሁ።

«ሆስፒታል የምትሠሩ እኅቶቼ፣ ስሙኝ። የአድማሱ ልጅ አለምነሽ፣ ለጥር የታጨችው፣ እጇ ላይ ምልክት ወጥቷል። እሳት ሲነካት አይሰማትም። ያ በሽታ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ሰው ሳያውቅ ሐኪም የሚያያት መንገድ ፈልጉልኝ።»

«ሰው ሳያውቅ» የሚለውንም አላስቀረሁም። ጥርት አድርጌ ተናገርኩት።

እቴቴ ውባየሁ ዞር ብላ አየችኝ። የአያ ተገኘ ተራ ነበር። «ይህን ቃል አላገኘሁትም» አሉ። አማርኛ የሚያውቀው ሰው ሳቀ፤ የተባለው ቀላል አማርኛ ነው፣ የጠፋቸው መስሎት ነው የሳቀው። እሳቸው ዓይናቸውን ከመሬት አንሥተው ወደ እኔ ተመለከቱ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያስተረጉሙ የሰው ፊት ሲያዩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የተናገርኩት ለራሴ የተሰማኝም ያን ጊዜ ነው።

እቴቴ ውባየሁ አማርኛ አላጠራትም ነበር። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሆስፒታል የሚያጸዱ የጭልጋ ልጆች ናቸው። ከአዳራሹ ውስጥ ከራሷ ሰዎችና ከእነሱ በቀር ማንም በማይሰማው ቋንቋ ነው የነገረቻቸው። ቋንቋው በር ነበር፤ ዘግታ ነው የተናገረችው። እኔ ከፈትኩት።

ከትክል ድንጋይ ሰዎች መካከል አንዱ፣ በኋላ እንደተረዳሁት የሙሽራው አጎት፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

ከሚቀጥለው የአይከል ገበያ በፊት የሙሽራው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው እጮኛነቱን አፈረሱ። የአድማሱ ጎረቤቶች ከዚያ ቤት እሳት መጫር ተዉ፤ ውኃ ሲቀዱም ለእነሱ ቦታ ይለቁላቸው ጀመር፣ በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። እቴቴ ውባየሁ የቡድኑን ደብተር በሐጂ ስዒድ ሾፌር እጅ መልሳ ላከችው። ደብዳቤ አልጨመረችበትም።

አባ ዮናስ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ያስተረጎምኩት ልክ እንደሆነ፣ አንድ ቃል እንዳይቀር ያዘዙኝም እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን አላጽናናኝም። ወደ አያ ተገኘ ሄድኩ። ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ተቀመጥኩ።

«ቃሉን አላበላሸሁትም» አልኳቸው።

«አላበላሸሽውም። ደብዳቤውን ሳታጎድዪ አድርሰሻል። ለማይመለከተው ሰው ነው የሰጠሽው።»

ወደ አይከል እንደምሄድ ነገርኳቸው። ምን ልትዪ ነው ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኩ።

«እንግዲያው ሂጂ» አሉ። «የምትናገሪውን አዘጋጅተሽ ብትሄጂ ነበር የምፈራው።»

በሐጂ ስዒድ ማኪና ሄድኩ። ሐጂ ስዒድ ራሳቸው ነበሩ ከሾፌሩ አጠገብ፤ ወሬውን ሰምተዋል፣ ያን ቀን አፈ ማኅበር ብለው አልጠሩኝም። ስወርድ ማታ እስክመለስ እንደሚጠብቁኝ ብቻ ነገሩኝ።

አድማሱ ከቤቱ ጎን አጥር ያጥራል። ማን እንደሆንኩ አውቋል። ግቢ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ቆሜ በቅማንትኛ ስሜን ተናግሬ ይቅርታ መለመን ጀመርኩ። እንጨቱን አስቀመጠና በአማርኛ አቋረጠኝ።

«በአማርኛ ተናገሪ» አለ። «በዚያኛው ስናወራ ሌላ ሰው አይሰማም ብለን ነበር። ለካ የሚሰማ አለ። ከእንግዲህ በቤቴ አይነገርም።»

እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ኮቴ ሲሰማ እንዴት ዝም እንደምትል። ቆይቼ በአማርኛ ለዚያ በሽታ አሁን መድኃኒት እንዳለው፣ በጊዜ ከተጀመረ እንደሚቆም፣ ሐኪሙን እንደማውቀው ነገርኩት። ይህንንም በጉባኤ ታወሪዋለሽ አለኝ። በዚያ መሀል አለምነሽ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሸጋ ልጅ ነበረች። «አባ፣ ልሂድ» አለች። አባቷ ወደ አጥሩ ተመለሰ። ማታ በማኪናው ስመለስ ባዶ እጄን ነበርኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እናትና ልጅ ከደጄ መጥተው ቆሙ። ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቅርጫት ይዘዋል። አባትየው ልኳቸው እንደሆነ ወይም ሳይከለክላቸው ዝም ብሎ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ጣልያንኛ ይችላል። በሩ ተዘግቶ፣ እኛ ሦስታችንና እሱ ብቻ ሆነን ነው የመረመራት። ላባ በሚመስል ነገር እጇን ይነካል፣ የት እንደነካ ዓይኗን ጨፍና እንድትናገር ይጠይቃታል። «አልተሰማኝም» የሚለውን ቃል በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ ወደ ጣልያንኛ እንደመለስኩት አላውቅም። በሽታው እሱ ነበር፤ ሥጋ ደዌ። በየወሩ ኪኒን ትወስዳለች፤ ኪኒኑ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው። አይከል መመለስ ስላልቻለች እኔ ቤት ሁለት ክረምት ኖረች። ወደ ሐኪሙ ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ ዛሬ ከምትነግሪኝ ለእሱ የምነግረው የትኛውን ነው ብዬ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው አልገባትም። በኋላ አንዳንዱን «ይህ ለአንቺ ነው» ትለኝ ጀመር።

በሽታው ቆመ። ሁለት ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ። እነሱን ይዛ የልብስ ስፌት መኪና ለመደች፣ አዘዞ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባችና ልጆች ወለደች። ቤተሰቦቿ ቤታቸውን ትተው ወደ መተማ በኩል ወረዱ። አባቷ እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም። እሷ በየበዓሉ ትመጣለች፤ እንደ እኅት ነው የምንጨዋወተው። ግን በአማርኛ ነው። ከእኔ ጋር በቅማንትኛ አውርታ አታውቅም፣ እኔም ጀምሬባት አላውቅም።

እቴቴ ውባየሁን ያነጋገርኳት ከዓመት በኋላ ነው። ገበያው ላይ ከመደቧ ፊት ቆምኩ። በርበሬ ሰፈረችልኝ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ። ስትጨርስ ምነው ዓመት ሙሉ ቆየሽ አለችኝ። ፈርቼ ነው አልኳት። እሷም ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ፣ የልጅቱን ስም በዚያ አዳራሽ በየትኛውም ቋንቋ መጥራት እንዳልነበረባት፣ ሌሊት ሌሊት የሚያባንናት ይህ እንደሆነ ነገረችኝ። አባ ዮናስ እንድትመለስ ስንት ጊዜ እንደለመኗት አውቅ ነበርና ትመለሺ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አንድ ነገር ካደረጉልኝ» አለች። «በስብሰባችን ውስጥ አስተርጓሚ አይቁም። አንቺም ብትሆኚ።»

ይህን ለአባ ዮናስ ያደረስኩት እኔው ነኝ። አንድ ቃል አልቀነስኩም። አባ ዮናስ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አልሄዱም፤ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለወጠ። እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ቋንቋ ይሰበሰባል፣ የሰማውን እዚያው ያስቀራል፣ ወደ ጉባኤው የሚያመጣው ሌላው ሊያውቀው የሚገባውን ብቻ ነው። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ያዙት። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ እኛ ባላሰብነው ፍጥነት በዛ፤ በደቡብ እስከ ከምባታ ድረስ ስሙን የማናውቀው ቀበሌ ሁሉ ገባ። በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ስብሰባው እንደሚረዝም ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔና የአያ ተገኘ ሥራ ከዚያ ወደ ወረቀት ዞረ። የስብሰባውን ጸሎት በቅማንትኛ፣ በእኛው ፊደል መጻፍ ነበረብን። እሳቸው ቋንቋውን አያውቁም፤ ግን ደጋግሜ እንድናገረው እያደረጉ ጆሯቸውን ወደ አፌ ያስጠጋሉ። በአፍንጫ በኩል የሚወጣ አንድ ድምፅ አለ፣ ፊደል የለውም። ሦስት ቀን ተከራክረን «ነ» ላይ ነጥብ አደረግንበት። ወረቀቱን አይከል ስናደርስ እቴቴ ውባየሁ ማንበብ ስለማትችል በልጇ አስነበበችው። ሁለት ቦታ አረመችን፤ ሁለቱም ቦታ ትክክል ነበረች።

አያ ተገኘ ያረፉት በዐቢይ ጾም ነው። በደብራቸው በሥርዓታቸው ተቀበሩ። የእርሾ ሰዎች ከየቡድኑ መጥተን ከቅጥሩ ውጭ ቆምን፤ አስከሬኑ ሲወጣ ዘመዶቻቸው ወደ ውስጥ ጠሩንና ከሕዝቡ ጋር አፈር አለበስን።

ከዚያ በኋላ የሚጠራኝ እየቀነሰ መጣ። መጽሐፉ በየቋንቋው ተጻፈ፣ አባ ዮናስ ከእኔ የተሻለ አማርኛ መናገር ጀመሩ፣ ቅዳሴውም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሆነ። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ ቦታ ሲገኝ እዚያ አስገቡኝ። ለካርድ የሚያስፈልገው ስም፣ የአባት ስምና ዕድሜ ነው፤ አያደክምም። አሥር ዓመት ሠራሁ።

ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት በነበረው ጉባኤ እንደ ማንኛውም ሰው መሀል ላይ ተቀመጥኩ። ከከምባታ አራት ሴቶች መጥተው ነበር። አንዷ ተነሥታ በቋንቋዋ ተናገረች። አንድም ቃል አልገባኝም። ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ሰው ሲናገር ትርጉሙን ሳልፈልግ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች። መሀል ላይ ድምጿ ተቆረጠ፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች፣ አብረዋት የመጡት ሦስቱም አቀረቀሩ። አጠገቧ የቆመችው አስተርጓሚ ጠና ያለች የአገራቸው መምህርት ነች፤ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። እስክትጨርስ ዝም ብላ አዳመጠቻት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ሴትዮዋም መለሰችላት። መምህርቷ ወደ እኛ ዞረች።

«ለእናንተ ያለችው እንድትጸልዩላት ነው» አለች።

አዳራሹ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው ይኸው ብቻ ነው ወይ አለ።

«ይኸው ነው።»

የቀረውን ለማወቅ እኔም ጓጉቼ ነበር። አልጠየቅሁም። ተነሥቼ ከሌላው ሰው ጋር ጸለይኩላት።